ስምንት ሳምንት ለአራሷ

የሐምሌ 12 ሌሊት ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም። ከምሽት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያመሸው ዝናብ ጋብ ብሏል። እኔ ስድስት ወር የሞላውን ሆዴን በጎን አስተኝቼ እንቅልፍ እጠብቃለሁ። ከዕቃ ቤቱ በኩል ካርቶን የመቧጠጥ ድምፅ መጣ። አይጥ መሰለኝ። ቆየት ብሎ አፍን ዘግቶ እንደማቃሰት ያለ ድምፅ ተከተለ፤ አይጥ እንዲህ አያቃስትም። ባለቤቴን ሳልቀሰቅስ የስልኬን መብራት ይዤ ሄድኩ።

የድሮ ጋዜጦቼን የማከማችበት ካርቶን ውስጥ ተኝታለች። ዥንጉርጉሯ ናት፤ ከጣሪያ ጣሪያ ስትዘል የምናያት፣ እጅ የማታስነካው ድመት። ግቢው በሙሉ «ውሮ» ይላታል፤ ውሮ ደግሞ የሁሉም ድመት ስም ስለሆነ የማንም አይደለችም ማለት ነው። በሌላ ቀን እንዲህ ብቀርባት በመስኮቱ ተስፈንጥራ ትጠፋ ነበር። መብራቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩላት። አልተነሣችም። ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል ሰውነቷ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ ተኮማተረ፣ ተፍታታ፣ እንደገና ተኮማተረ። በስስ ከረጢት የተጠቀለለ፣ የሕፃን ጭብጥ የሚያህል ነገር ጋዜጣው ላይ ዱብ አለ። ከረጢቱን በጥርሷ ቀደደችው። አፍና አፍንጫውን ደጋግማ ላሰች፣ እትብቱን ቆረጠች፣ እንግዴ ልጁን በላች። ያ ርጥብ ነገር አፉን ከፈተና ጮኸ።

ሲወለድ ያየሁት የመጀመሪያ ፍጥረት እሱ ነው። እግሬ ሲደነዝዝ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። አዋላጅ የላት፣ ወገቧን የሚደግፍ የላት። ሳላውቀው እኔው በሹክሹክታ «ማርያም፣ ማርያም» እላለሁ። በአንዱና በሌላው መካከል አረፍ ትላለች፤ የተወለደውን ወደ ሆዷ ሰብስባ ጉሮሮዋ እንደ እንዝርት እርርር ይላል። ድመት ደስ ሲላት ብቻ የምታሰማው ድምፅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሲያማትም ታሰማዋለች። ዓይንም ጆሮም የሌላቸው ያህል የሆኑት ልጆቿ ድምፁን ባይሰሙትም ንዝረቱን በቆዳቸው ይዘው ወደ ጡቷ ይሳባሉ። አራተኛው ሲወጣ የሚካኤል ኪዳን በድምፅ ማጉያ መሰማት ጀምሮ ነበር።

ከየት መጣች? እኔ የምጠረጥረው አለኝ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከፒያሳና ከዙሪያው ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ሰው አልጋውን፣ ድስቱን፣ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር ነቅሎ ሲሄድ ድመቱ ይቀራል። ድመት የምትለምደው ቤትን ነው፤ ጠዋት የምትሞቅበትን ግድግዳ፣ የምትሾልክበትን ቀዳዳ፣ አይጡ የሚወጣበትን ጥግ። ግድግዳው ሲፈርስ የሚጠራት ሰውም የሚሞቅ ጥግም በአንድ ቀን ያልቅባታል። ከዚያ ወዲህ፣ ከስድስት ኪሎ ከፍ ብሎ ባለው የእኛ ሰፈር ጣሪያ ላይ ቀድሞ ያላየናቸው ድመቶች በዝተዋል። እሷ ወይም እናቷ ከእነዚያ አንዷ ትመስለኛለች።

ነጋ። ከአከራያችን ከእማማ መደበቅ አይቻልም። የዚያን ዕለት የሚካኤል ማኅበር ተረኛ እሳቸው ናቸው፤ ጠላው ተጠምቆ፣ ድፎው ተደፍቶ፣ ግቢው ተጠርጓል። ሰምተው መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ አንቺ ነፍሰ ጡር ነሽ» አሉኝ። «ድመትና እርጉዝ አንድ ቤት አይሆኑም። ጽንሱን ይጎዳል ሲሉ አልሰማሽም?»

የግቢው ጥበቃ ሳይጠራ ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ደርሷል። ሥራውን ያውቀዋል፤ ለሌሎች ግቢዎችም ይሠራዋል። እማማ ማዳበሪያውን አዩ፣ ካርቶኑን አዩ። ድመቷ ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ አራቱንም ከሆዷ ሥር ሸሽጋ ትመለከታቸዋለች። «አራስ ነብር» ስንል ያደግነው ይህንን አስተያየት ነው።

«ዛሬስ አይሆንም» አሉ እማማ። «በሚካኤል ቀን ከቤቴ ነፍስ አላስወጣም። ነገ።»

ማዳበሪያውን ሳይ አፌ ደርቆ ነበር። ምክንያቱን ለባለቤቴም ነግሬው አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን። ከተማችን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳር ንጋት ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ድመታችን ከእህል ጎታው ጀርባ አምስት ወለደች። በሦስተኛው ቀን እናቴ አምስቱንም ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችና አፉን በገመድ አስራ «በሬሳ ማዶ ጥለሽ ነይ፤ ዞረሽ እንዳታዪ» አለችኝ። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ሰባት ነፍስ በአንድ ደመወዝ የምታሳድር ሴት ናት፤ የእሷም እናት እንዲሁ ስታደርግ አይታ ነው ያደገችው። ማዳበሪያው ከግማሽ ኪሎ ስኳር ብዙም አይከብድም። ጀርባዬ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ሙቀቱ በሹራቤ አልፎ ይሰማኛል። ወንዙን ተሻግሬ አስቀመጥኩት። አስር እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ተመልሼ ገመዱን ፈታሁት። ከዚያ ምን እንደማደርግ ጠፋኝና እየሮጥኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ገመዱን በመፍታቴ ያተረፍኳቸው መስሎኝ ነበር። ለዓመታት እንዲያ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ዓይናቸው ያልበራ፣ ሙቀት ከእናታቸው ሆድ በስተቀር ከየትም የማያገኙ ፍጥረቶችን ደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ መፍታት ማዳን እንዳልሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ድመቷ ጡቷ አብጦ፣ ከጎታው ጀርባ እየገባች ጭዱን ስታሸት፣ ሌሊት ሌሊት ስትጮህ ነበር። ትራሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እተኛለሁ።

ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ ብዬ አይደለም። በየቤቱ የሚደረግ ስለሆነ ነው። የሚደረግበት መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አዋቂው ይወስናል፣ የሚሸከመው ልጅ ወይም የቀን ሠራተኛ ነው። የወሰነው አያይም፤ ያየው አልወሰነም። እናቴ ማዳበሪያውን ራሷ ተሸክማ በሬሳ ማዶ ብትሄድ ኖሮ፣ መንገድ ላይ ሙቀቱ ጀርባዋን ሲነካት የምትመለስ ይመስለኛል። ልማዱ በየዘመኑ የሚተርፈው ሸክሙ በሌላ ጀርባ ስለሚሄድ ነው።

እንግዲህ ያን ዕለት ለእማማ የነገርኳቸው ታሪኬን አልነበረም፤ «ሐኪሟን ልጠይቅና እንወስን» አልኩ። የሚካኤል ማግሥት ቀጠሮ ነበረኝ። የእርግዝና ክትትል የምታደርግልኝ ሐኪም ጥያቄዬን ሰምታ አልሳቀችም፤ በትክክል መለሰችልኝ። ስጋቱ እውነት ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ሕዋስ አለ፤ ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ሕዋሱ የሚወጣው በድመቷ ዓይነ ምድር ነው እንጂ በፀጉሯ ወይም በትንፋሿ አይደለም። ያውም ድመቷ ሕዋሱን የምታወጣው በአብዛኛው መጀመሪያ በተያዘችበት ሰሞን፣ ለአንድ ለሁለት ሳምንት ነው፤ የወጣውም ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ቢያንስ አንድ ቀን ውጭ ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ይጠረግ፣ የሚጠርገው ሌላ ሰው ይሁን፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ሰላጣውና ጎመኑ በደንብ ይታጠብ። ከዚያ ቀና ብላ «ክትፎ ትበያለሽ?» አለችኝ። ጥሬ ሥጋም ያንኑ ሕዋስ ሊያመጣ ይችላል። ድመቷን አባርሬ በየሳምንቱ ሉካንዳ ብቀመጥ ልጄን አልጠበቅሁትም ማለት ነው። ስንት እርጉዝ ሴት ድመቷ ተጥላላት፣ ጥሬ ሥጋው ግን በእንክብካቤ ስም ሲቀርብላት እንደከረመ ሳስብ አዝናለሁ።

እማማ ይህን ሁሉ ሰምተው «ጥርጊያውን ባልሽ ያድርገው» ብቻ አሉ። ነገ የተባለው ቀን አለፈ። ጥበቃው ማዳበሪያውን አጣጥፎ ወሰደው።

ቋንቋችን ለላም ልጅ ጥጃ፣ ለአህያ ውርንጭላ፣ ለውሻ ቡችላ፣ ለዶሮ ጫጩት ብሎ ስም አውጥቷል። የድመትን ልጅ ግን ከበግና ከፍየል ተውሰን ግልገል እንላታለን። ዓይናችን ሥር ተወልደው ሳናያቸው የሚያድጉ ወይም የሚጠፉ ስለሆኑ ይሆን? እኔ በዚህ ክረምት አየኋቸው።

ቤቷ ቅመም የምትቸረችረው ሙስሊም ጎረቤታችን አሮጌ ሚዛኗን ሰጠችኝ። እናትየዋ ለመብላት ወጣ ስትል አንድ በአንድ መዘንኳቸው፤ ሁለቱ መቶ መቶ ግራም ግድም፣ ሦስተኛዋ ዘጠና ስምንት፣ አራተኛው ሰባ። ጤነኛ ግልገል በቀን አስር ግራምና ከዚያ በላይ ይጨምራል። ሦስቱ ጨመሩ። ያ ትንሹ ጥቁር በሁለተኛው ቀን ሰባ፣ በሦስተኛው ስድሳ ስድስት ሆነ። የመጀመሪያው ቀን ወተት እንገር ነው፤ ልክ እንደ ላሟ፣ ከበሽታ የሚከላከለው ነገር ያለው እሱ ውስጥ ነው። እሱን በጊዜው ያልጠባ ግልገል ባዶ እጁን ነው ዓለምን የሚጀምረው። ከጡቷ ጋር ላገናኘው ሞከርኩ፤ ወንድምና እህቶቹ ገፍትረው ያስለቅቁታል። የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎኑ አስተኛሁለት። ግልገሎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ አይችሉም፤ የቀዘቀዘ ግልገል ደግሞ ወተት ቢያገኝም አይፈጭለትም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ካርቶኑ ጥግ ላይ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ጌሾው ሥር ቀበርነው። አንዱን ማትረፍ አለመቻሌ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የቀሩት ሦስቱ እንደ ሊጥ ጡቷን በእጃቸው እያሹ ይጠባሉ። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጡት መርጠዋል፤ ሽታውን ይዘው፣ ዓይናቸው ሳይበራ፣ ሳይሳሳቱ ይመለሱበታል። ሽንታቸውን እንኳ ብቻቸውን መሽናት አይችሉም፤ እናታቸው ሆዳቸውን ከላሰች በኋላ ነው የሚወጣላቸው። እናት የሌለችበት ግልገል ወተት ቢጠጣም በዚህ ይሞታል። ይህን ሳውቅ በሬሳ ማዶ ያስቀመጥኳቸው አምስቱ ትዝ አሉኝ።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ። የምታጠባ ድመት ከወትሮዋ ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ መብላት አለባት። ድመት ደግሞ ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጥረት ናት፤ ውሻ ሽሮ ፍትፍት በልቶ ይሰነብት ይሆናል፣ ለድመት ግን ሽሮ ሆድ መሙላት እንጂ ምግብ አይደለም። ሰፈራችን ያሉት ሉካንዳዎች ተዘግተዋል። ለነፍሰ ጡሯ ለእኔ የተፈቀደልኝን እንቁላል ቀቅዬ ግማሹን ለእሷ እሰጣታለሁ። የጎረቤቴ የስድስት ዓመት ልጅ የቁርሱን ወተት ሰርቆ አመጣላት፤ በማግሥቱ ተቅማጥ ያዛት። የላም ወተት ለአብዛኛው ትልቅ ድመት አይስማማም፤ የሚያስፈልጋት ንጹሕ ውኃ ነው። እናቱ ልጇን ተቆጥታ ስታበቃ ሰሃን ይዛ ወደ ሙስሊም ሉካንዳ ሄደችና ግማሽ ኪሎ ሳምባ ይዛ መጣች። «በእኛ ሃይማኖት» አለችኝ፣ «አንዲት ሴት ድመት ቆልፋባት፣ ሳታበላት፣ ወጥታ እንድትፈልግም ሳትለቃት ሞተችባትና በዚያ ብቻ እሳት ገባች ይባላል። እኔ ይህን ሰምቼ ነው ያደግሁት።»

ሳምባው የት ይቀቀል የሚለው ጥያቄ ከባድ ነበር፤ የእኔ ምድጃ ተበላሽቷል፣ ጎረቤቴ ቅመም ሽያጯ ላይ ናት፣ የቀረው የእማማ ማድቤት ነው። እማማ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የሚጾሙ ሴት ናቸው። ሰሃኑን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ አሮጌ ድስት ከቆጡ አወረዱ፣ ከጾሙ ዕቃ ለይተው ውጭ በሦስት ጉልቻ ላይ ጣዱት። «ለድመት የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ የለም» አሉ፣ እንጨቱን እየገፉ። «አራስ ናት። አራስ አትጾምም።» እማማ ድመቶችን ዛሬም አይወዷቸውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን ያ ድስት ከውጭ ምድጃው አልወረደም።

ከፍልሰታ በፊት፣ ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን፣ በዘጠነኛው ቀናቸው፣ የአንዷ የግራ ዓይን በትንሹ ተከፍቶ አየሁ። በማግሥቱ ቀኙ። የሦስቱም ዓይን ሰማያዊ ነው፤ የሁሉም ግልገል ዓይን መጀመሪያ ሰማያዊ ነው፣ ኋላ ይለወጣል። በሦስተኛው ሳምንት ጥርስ ወጣ፣ ጆሮ ቆመ፣ እየተንገዳገዱ ከካርቶኑ ጠርዝ ማዶ ማየት ጀመሩ። አንዱ ቢጫ፣ አንዷ እንደ እናቷ ዥንጉርጉር፣ አንዷ ነጭና ጥቁር። በአንድ ማሕፀን ተኝተው አባታቸው አንድ ላይሆን ይችላል፤ በድመት ዘንድ ይህ የተለመደ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ቢጫውን ሊያቅፍ እጁን የሰደደው በዚያ ሰሞን ነው። እናትየዋ ከየት እንደወጣች አላየናትም፤ ክንዱን ቧጠጠችው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ብቻውን መተው አልነበረብኝም። ክንዱን በቧንቧ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሰዓት ይዘን አጠብነው፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ ተወሰደና ክትባት ጀመረ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚባለው ስሙ ውሻን ብቻ ቢጠራም ከድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም፣ ከዚያ በፊት ግን በክትባት ፈጽሞ ማስቀረት ይቻላል። ድመቷ ደኅና ናት፣ ልጁም ደኅና ነው። ይህን የጻፍኩት ደግ መሆን መጠንቀቅን አያስቀርም ለማለት ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ጠፉ። ጠዋት ካርቶኑ ባዶ ነው። ጥበቃውን ጠረጠርኩት፤ በዚህም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ለካ እናትየዋ ሌሊቱን አንድ በአንድ በማጅራታቸው አንጠልጥላ ወደ እማማ ማድቤት ኮርኒስ አዛውራቸዋለች። በማጅራቱ የተያዘ ግልገል ሰውነቱ ይለሰልሳል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ትንፍሽ አይልም። ብዙ ሰው «ድመት ልጆቿን በላች» የሚለው እንዲህ ባለው ጠዋት፣ ባዶ ካርቶን ቆሞ ሲያይ ነው። አልበላቻቸውም፤ አላመነችንም። ዳግም ያመነችን በአምስተኛው ቀን ነው፤ ሦስቱንም መልሳ አመጣቻቸው።

አሁን ማለት ወደምፈልገው ልምጣ። የባዘነች ድመት ቤታችን ስትወልድ የሚጠበቅብን ሁሉንም ማሳደግ አይደለም። ብዙዎቻችን ቤት ተከራይተን፣ ኑሮ ከብዶን የምንኖር ሰዎች ነን፤ ለራሳችን የማይበቃንን ለድመት አካፍሉ ብሎ ማዘዝ አልችልም። የምለምነው ስምንት ሳምንት ነው። አንድ ደረቅ ጥግ፣ አንድ ካርቶን፣ ለእናትየዋ የሚበቃ ትራፊ ሥጋና ውኃ፣ ለስምንት ሳምንት። ከዚያ በኋላ ግልገሎቹ ራሳቸውን ችለው ይበላሉ፣ ይሞቃሉ፣ ይሄዳሉ፤ የሚፈልጋቸውም ሰው ይገኛል።

እንደሚገኝ የማውቀው ፈልጌ ስላገኘሁ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው የወፍጮ ቤት ባለቤት አይጥ እህሉን እየፈጀበት ነው፤ በአራተኛው ሳምንት መጥቶ ዥንጉርጉሯን አሁኑኑ ስጪኝ አለ። አልሰጠሁትም። ድመት አደን የምትማረው ከእናቷ ነው፤ እናትየዋ መጀመሪያ የሞተ አይጥ ታመጣላቸዋለች፣ ቀጥላ ሞት አፋፍ ላይ ያለ፣ በመጨረሻ ጤነኛውን ፊታቸው ትለቃለች። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ሰው እየዳሰሰ ያላመዳት ግልገል ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው አትሸሽም። «አሁን ብትወስዳት የሚበላ አፍ ወሰድክ፤ ቆይተህ ብትወስዳት አዳኝ ወሰድክ» አልኩት። ታግሦ እየጠበቀ ነው። ነጭና ጥቁሯን እንጀራ የምታቀርብልን ሴት ትወስዳታለች፤ ጤፏን የምታስቀምጥበት ክፍል አይጥ አስቸግሯታል። ቢጫው ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ታርቋል፤ ግቢያችን ይቀራል።

በ2004 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ቆጵሮስ ደሴት ላይ 9,500 ዓመት ያስቆጠረ የሰው መቃብር አጠገብ አንዲት ድመት ተቀብራ ማግኘታቸውን አስታውቀዋል። ደሴቲቱ የራሷ ድመት አልነበራትም፤ ሰው በጀልባ ይዟት ነው የሄደው። መጀመሪያ ግን ድመትን ወደ ቤት ያስገባት ሰው አይመስልም። እህል ማከማቸት ስንጀምር አይጥ መጣ፣ አይጥ ሲመጣ ከዱር ድመት ተከትላ መጣች። ላምን አስረን፣ ፈረስን ገርተን ነው ያመጣናቸው፤ እሷ ግን ጎተራችንን አይታ በእግሯ መጣች። በእግሯ የመጣችን አራስ በማዳበሪያ መመለስ ለእኔ ውለታ መካድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልሸሽግ ልናገር። ስምንት ሳምንቱ ብቻውን አይበቃም። ድመት ዘጠኝ ሳምንት አርግዛ ትወልዳለች፤ ልጆቿን ጡት ሳታስጥል እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ቀዝቃዛ አገር ያሉ ድመቶች ቀኑ ሲያጥር ያርፋሉ፤ የእኛ አገር ቀን ግን በክረምትም በበጋም ብዙ አይለዋወጥም፣ የእኛዎቹ ዕረፍት የላቸውም። የዛሬዋን አራስ አብልቶ ዓመቱን ሙሉ ስትወልድ ማየት ለእሷም ለሰፈሩም ጭንቅ ነው። መፍትሔው ማምከን ነው። እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሙክት የምናደልብ፣ በሬ የምናኮላሽ ሕዝብ ነን። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ። ለዕድር ድንኳን እንደምናዋጣ አምስታችን ተከራዮችና እማማ አዋጥተናል፤ ወተቷ እንደደረቀ፣ ከመስቀል በኋላ፣ እወስዳታለሁ። ጥበቃው ቅርጫቱን ልሸከም ብሏል።

ስምንተኛው ሳምንት ከእንቁጣጣሽ ጋር ሊገጥም ቀናት ቀርተውታል። እኔም ስምንተኛ ወሬን እያጋመስኩ ነው። ጥቅምት ላይ እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን ትመጣለች፤ ቅቤው ተነጥሯል፣ የአጥሚቱ እህል ተለቅሟል አለች። ባለፈው እሑድ ስትደውል የበሬሳውን ነገር አነሣሁባት። ገመዱን እንደፈታሁት፣ ሮጬ እንደተመለስኩ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ዝም እንዳልኩ ነገርኳት። ስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«ሦስት ሌሊት ነው የጮኸችው» አለች እናቴ።

እኔ ስንት ሌሊት እንደነበር አላስታውስም ነበር። እሷ ቆጥራዋለች።

ትንሽ ቆይታ፣ ድምፅዋን አጥርታ፣ የእኔዋ አራስ ምን እንደምትበላ ጠየቀችኝ።